የደከመ መሬት የሌላቸው

ይሰማ! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከብልባላ ብዙ በማይርቅ ቀዬ፣ አያ ደባሱ ዘንጋቸውን ተክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ዘንድሮም እንደ አምናው ገብስ እንደሚዘሩ ለሕዝብ አስታወቁ።

ስለ ገብስ የጠየቃቸው አልነበረም። አልጣሽ የጠየቀቻቸው ስለ ባቄላ ነው።

የአልጣሽ ገብስ በየዓመቱ እያጠረ ሄዶ አምና ለማጭድ እንኳ አስቸገረ። ዘንድሮም እንዲያው ከሆነ ልጆቿን ይዛ ላሊበላ ገብታ የሰው ልብስ ከማጠብ በቀር ሌላ መንገድ የላትም። የግብርና ባለሙያዋ ማኅሌት ጥራጥሬ ዝሪ አለቻት፤ ሥሩ ላይ ያሉት ትንንሽ እብጠቶች መሬቱን ይመግቡታል፤ ለከርሞ ገብሱ ያምርብሻል።

አልጣሽ የትኛውን ልዝራ ብላ ሰነበተች። ምስር ውሃ የሚተኛበት መሬት አይወድም፤ የሷ መሬት ደግሞ ከዳገቱ ሥር ነው። ጓያ ለውሃው ግድ የለውም፤ ግን እግር ይይዛል ተብሎ ይፈራል። ግብጦ ምሬቱ እስኪለቅ ወንዝ ውስጥ ተዘፍዝፎ መክረሙ ነው። ባቄላ ቀረ።

ባቄላም አንድ ጉድ አለው። የገበያው መንገድ በአራት ማሳዎች መሐል ያልፋል። እሸት ሲደርስ መንገደኛ እየቀጠፈ ቢበላ ሌባ አይባልም፤ ደንቡ ነው። አራቱም ማሳ ባቄላ ከሆነ ጉዳቱ ለአራት ይካፈላል። የአልጣሽ ብቻ ከሆነ አገዳው ባዶውን ይቆማል።

«አያ ደባሱ፣ እርስዎ ከዘሩ ሌላውም ይዘራል» አለች።

«ምን ሆኜ? የኔ መሬት አልደከመ!»

«የኔም!» አለ ሦስተኛው ባለ ማሳ ወንዴ ተሽቀዳድሞ። በወንዴ ገብስ መሐል አምና ጫጩት ቆማ ከመንገድ ትታይ ነበር።

«አባ፣ እርስዎስ?»

አራተኛው ባለ ማሳ ቄስ ተክለ ሚካኤል ናቸው። «ልጄ፣ መሬትን ደከመ ማለት የሰጪውን እጅ ማማት ነው» አሉ።

«እኔ መች አማሁት አባ? ሳላማው ነው ያጠረብኝ!»

ሰው ሳቀ። በዚያ ቀዬ መሬቱ ደከመ የተባለ ገበሬ ሰነፍ ተባለ ማለት ነው። ባቄላ የዘራ ደግሞ በአደባባይ ተናዘዘ።

አልጣሽ ተናዘዘች። ወንድሟ በሬዎቹን ጠመደላት፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያያት ባቄላዋን በተነች። ወንዴ መንገዱ ላይ ቆሞ፣

«እት አልጣሽ፣ እሸቱ ከአሁኑ አማረኝ እኮ!» አላት።

«ጥርስህ ይርገፍ!»

አያ ደባሱ አገሩ ሁሉ ገበያ በወረደበት ቅዳሜ ዘሩ። ወንዴ መንደሩ ተዝካር በተቀመጠበት ቀን ዘራ። ቄሱ መቼ እንደ ዘሩ ያየ የለም። ሦስቱም፣ ገብሱን ዘርተን ጨረስን፣ አሉ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ! እንዴት ያለ ዝናብ! አመሻሽ ላይ ወርዶ፣ መሬቱን አጠጥቶ፣ ጠዋት ሰማዩን አጥቦ የሚሄድ። አልጣሽ በነጋ ቁጥር ወደ ማሳዋ መሮጥ ሆነ ሥራዋ። አንድ ቀን አፈሩ ተሰነጣጥቆ አገኘችው። በማግስቱ ባቄላው ጎንበስ እንዳለ ብቅ ብቅ ብሏል። እልል አለች፤ ብቻዋን፣ ጮክ ብላ።

እልልታው አያ ደባሱን ከየት እንዳመጣቸው እንጃ፣ ድንበሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ ተራራው አድርገው።

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን። የእርስዎስ ገብስ በቀለ?»

«በቅሏል።»

አልጣሽ በሳቸው ትከሻ አሻግራ አየች። ጥንድ ጥንድ ሆኖ የወጣ ሰፊ ቅጠል፣ ጤዛ ይዞ፣ እስከ መንገዱ ድረስ።

«አያ ደባሱ፣ ይኸ ገብስ ቅጠሉ ሰፋሳ?»

«ዝናቡ ነው።»

ከመንገዱ ማዶ ወንዴ በማሳው መሐል ተቀምጦ በነጠላው አንድ ነገር ሊሸፍን ይሞክራል። ከሱ በላይ ቄስ ተክለ ሚካኤል ከሰው ዓይን ለመሸሽ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። በሁለቱም እግር ሥር፣ እስከ ዳገቱ ጫፍ፣ ባቄላ በቅሏል።