ያልተማለበት ቃል

ሰዓደት ልብስ ሰፊ ናት፤ እንደ ሙያ ጓደኞቿ ሁሉ ለመሐላም አትሰንፍም። ሱሪ ይዞ የመጣ ደንበኛ «መቼ ይደርሳል?» ሲላት «ወላሂ ነገ» ትለዋለች። ነገ ሲመጣ ጨርቁ ገና አልተቆረጠም። መርካቶ ይህን ስለሚያውቅ ማንም አይቀየማትም።

በዚያ ዓመት ግን የመሐላ ነገር ራሷ ላይ መጣባት። ባሏ ጠሃ ለዘመቻ ሲጠራ እሷ የታመመች እናቷን ልታስታምም ወሎ ነበረች። ጠሃ የስፌት መኪናዋን ተሸክሞ ጎጃም በረንዳ፣ በወንድሙ በሙህዲን መጋዘን ውስጥ አስቀመጠ። ከዚያ ከግንባር ሳይመለስ ቀረ። ሰዓደት ልጇን አዝላ መጥታ መኪናዋን ስትጠይቅ ሙህዲን ዓይኑን በጨው አጥቦ «ወንድሜ ለእኔ ነው የሰጠኝ» አላት። ሰፊ ያለ መኪና ምኑን ሰፊ ነው? የቀራት ወሎ መመለስ ነበር፤ ወሎ ደግሞ በዚያ የረሃብ ዓመት ሰው የሚሸሸው እንጂ የሚመለስበት አገር አልነበረም።

ጠሃ አደራውን ሲሰጥ ከሙህዲን ሌላ የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከመጋዘኑ አጠገብ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ደምመላሽ። ደምመላሽ ደግሞ መርካቶ የሚያማው ሰው ነው። ለንግሥ አገር ምድሩ ነጭ ለብሶ ሲጎርፍ እሱ መዶሻውን አያስቀምጥም። ፈጣሪ የለም ብሎ ማንንም አይከራከርም፤ ከጠየቁት ብቻ «እኔ አላምንም» ይላል፣ ስኳር አልወድም እንደሚል ሰው። ይህን የሰማ የቀበሌ ካድሬ የራሱን ሰው ያገኘ መስሎት ለውይይት ክበብ ቢጠራው «አንዱን ደጅ መሳለም የተውኩት ሌላ ደጅ ልሳለም ነው?» አለው። ለዚህች መልሱ ታስሮ ወጥቷል። እንግዲህ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለቅሶ ቀድሞ ደርሶ ድንኳን የሚተክለው ይኸው ሰው ነው። የመስጊዱን የውዱእ ማንቆርቆሪያ በነፃ ሲበይድ ያዩት «አንተ ምን አገባህ?» ቢሉት፣ «ያፈሳላ» ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ሽምግልናው በአቶ ኃይለመለኮት የቅቤ መደብር በረንዳ ላይ እንዲሆን ተቀጠረ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ምስክር መጽሐፍ ሳይነካ ቃሉ አይሰማም። ሰዓደት ጠዋቱን ደምመላሽ ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ መጽሐፉን ነካ ያድርጉልኝ። እርስዎ እንደሁ አያምኑበት፣ ምን ይሆናሉ?»

«እኔማ ምንም አልሆን። እነሱ ግን መጽሐፉን ስለምፈራ እውነት የተናገርኩ ይመስላቸዋል። እያታለልኳቸው ልመስክርልሽ?»

«ለእውነት እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«ለእውነት ስለሆነ ነዋ።»

ሰዓደት ጠላችው። በእሱ ኩራት የእሷ ልጅ ልትራብ ነው ብላ ተነሥታ ወጣች።

በረንዳው ላይ አቶ ኃይለመለኮት ወንጌሉን ሲያቀርቡለት ደምመላሽ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። «ጠሃ ለሙህዲን ‹መኪናዋ የሰዓደት ናት፣ ስትመጣ ስጣት› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መማል ግን አልችልም፤ አላምንበትም። እንዲሁ ካመናችሁኝ እመኑኝ፤ ካልሆነ ተዉት።»

የሙህዲን ፊት በራ፤ ማንም ሳይጠይቀው ተነሥቶ «እኔ እምላለሁ፤ ወላሂ፣ ወላሂ» እያለ እጁን ዘረጋ።

ሌላው ሽማግሌ ሐጂ ቡርሃን የተዘረጋውን እጁን መለሱት። «ቁጭ በል» አሉት። «ይህ ሰው የማይፈራውን መጽሐፍ ነክቶ መርታት ይችል ነበር። ማን ያውቅበታል? እሱን እምቢ ያለ ሰው ለሌላ ሰው መኪና ብሎ ይዋሻል? እኛ በመሐላ ስንሸነጋገል ነው የኖርነው፤ አላህ ይማረን። መኪናዋን አምጣ።»

ሙህዲን አንገቱን ደፍቶ አመጣ።

ደምመላሽ መኪናዋን ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ መሳለሚያ፣ እስከ ቤቷ ሸኛት። መንገድ ላይ ሰዓደት አላስቻላትም። «ጋሼ፣ አላህን ካልፈሩ ማንን ፈርተው ነው አደራውን የጠበቁት?»

ደምመላሽ መለሰላት። «ጠሃ ያንን ሲናገር የሰማነው ሁለት ነን። ሙህዲን ቃሉን ጣለው። አንቺ ወዲያ ማዶ የሚጠብቅለት አለ ትያለሽ፤ ቢሆን ደስ ባለኝ። ለእኔ ግን እዚያ ማንም አይታየኝም። እና እኔም ከጣልኩት ማን ያነሣዋል?»

መኪናዋን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዛወረና መንገዱን ቀጠለ። ሰዓደት ከኋላው እየተከተለች አለቀሰች። ሶላቷን አጓድላ የማታውቅ ሴት ናት፤ እምነቷም ያን ቀን አልተነቃነቀም። ግን አደራን እንዲህ የተሸከመ ሰው አይታ አታውቅም ነበር።

መኪናዋ ሥራ በጀመረች ሰሞን አንድ ደንበኛ ሱሪ ይዞ መጣ።

«መቼ ይደርሳል?»

ሰዓደት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። ጨርቁን ገልጣ አየች፣ በእጇ ያለውን ሥራ አሰበች።

«ሐሙስ ና» አለችው።

ሰውዬው ወላሂውን ቆሞ ጠበቀ። አልመጣም። ቅር እያለው ሄደ።

ሐሙስ ሲመለስ ሱሪው ተተኩሶ ተሰቅሎ ነበር።