ኩንታኒ በእንግሊዝኛ

“እዚህ ጋ!” አለ የጥሪ ማዕከሉ አሠልጣኝ ሬንዴል፣ የስልክ ንግግሯን ቅጂ አቁሞ። “ያልሽውን ራስሽ ስሚው እስቲ።”

ኖቬሊን የጆሮ ማዳመጫውን ጠበቅ አደረገችው። የራሷ ድምፅ ነው፤ ደንበኞችን ስታነጋግር ብቻ የምታወጣው ለስላሳው ድምፅ። አውስትራሊያ ያሉ አንዲት አሮጊት፣ ያዘዙት የእግር መደገፊያ ነገ ይደርስላቸው እንደሆነ ጠየቁ። እሷም በእንግሊዝኛ፣ “ነገ ቢደርስ ዊሽ አደርጋለሁ” አለቻቸው። አሮጊቷም፣ “ገባኝ የኔ ልጅ፤ አይመጣም ማለትሽ ነው” ብለው ትእዛዙን ሰረዙት። ዕቃው ግን በዚያች ሰዓት መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ቤታቸው እየሄደ ነበር።

“እኔ እኮ ይደርስልዎታል ለማለት ነው፣ ሰር።”

“ደንበኛ የሚሰማው ያልሽውን ነው፤ ያሰብሽውን ማን ያይልሻል? ‘ሆፕ’ ስትዪ ይሆናል ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ‘ዊሽ’ ስትዪ ደግሞ የማይሆነውን ነገር ‘ምነው በሆነ’ ማለትሽ ነው። ስንቴ ልንገርሽ?”

እውነት ነው፣ ደጋግሞ ነግሯታል። ችግሩ ኖቬሊን የፊሊፒንሷ ከተማ የኢሎይሎ ልጅ መሆኗ ነው። በኢሎይሎ ቋንቋ ለሁለቱም ያለው ቃል አንድ ነው፤ ኩንታኒ። ዝናቡ እንዲያባራ ኩንታኒ ይባላል፤ የሞተው ሰው በኖረ ተብሎም ኩንታኒ ይባላል። የትኛው ማለትህ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ፈረንጆቹ ምን አስቸግሯቸው ለሁለት እንደሰነጠቁት ለኖቬሊን እስከ ዛሬ አልገባትም።

“ከምሳ በኋላ እፈትንሻለሁ” አለ ሬንዴል። “ከወደቅሽ ወደ ማታ ፈረቃ ትዛወሪያለሽ። የበላዮቹ ናቸው የወሰኑት፤ እኔ ላይ እንዳታፈጪ።”

“ማታ ማታ አባቴን የሚያይልኝ ሰው የለም እኮ፣ ሰር!”

“አውቃለሁ። ስለዚህ አጥኚ።”

አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂፕኒ የሚባለውን የሕዝብ ማመላለሻ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለፈው የዝናብ ወቅት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። ቀን ቀን ጎረቤቷ ቲያ ፔሲንግ ትቀመጥላቸዋለች። ማታ ግን የሚያገላብጣቸውም ውኃ የሚያቀብላቸውም ከኖቬሊን ሌላ ማንም የለም። ዛሬ ጠዋት ማንኪያውን በቀኝ እጃቸው ካልያዝኩ ብለው የሩዝ አጥሚቱን ምንጣፉ ላይ ደፉት። እሷ ረፍዶባት ነበር። ማንኪያውን ቀምታ እንደ ሕፃን አጎረሰቻቸው። “ኩንታኒ ነገ” አሉ እያፈሩ። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። መንገዱን ሁሉ በራሷ ስትናደድ መጣች።

ምሳ ላይ የሥራ ባልደረባዋ ጂንኪ አጠገቧ ተቀመጠች።

“ስሚ ኢንዳይ” አለቻት፣ የኢሎይሎ ሰው ሴት ልጅን በፍቅር በሚጠራበት ቃል። “እኔ ላስረዳሽ። ሆፕ ማለት የምትወጂው ልጅ ገና አላገባም። ዊሽ ማለት ትናንት አግብቷል።”

“ተይኝ እስቲ፣ ለቀልድ አንጀት የለኝም።”

“አልቀለድኩም፤ ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ።”

ይህን ጊዜ መብራት ጠፋና መስኮት አልባው ክፍል ጨለመ። “ኩንታኒ ጄኔሬተሩ ቶሎ በተነሳ!” ብሎ ጮኸ ሬንዴል ከጥግ።

“የትኛው ነው፣ ሰር?” አለች ጂንኪ በጨለማው ውስጥ። “ሆፕ ነው ዊሽ?”

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ መብራቱ ሲመጣ ሬንዴል በወጣትነቱ የተመለጠ ራሱን እያሻሸ ቆሞ ነበር። ኖቬሊን ብቻ አልሳቀችም። አስተማሪው ራሱ ሳይለይ የሚጠቀምበትን ቃል እሷ ስትስተው ፈረቃ ይቀየርባታል፤ ይህ አንገበገባት።

ፈተናው በትንሿ የስብሰባ ክፍል ነበር። ሬንዴል መቅጃ መሣሪያውን ከፈተ።

“ቀላል ነው። ስለ ቤተሰብሽ በሁለቱም ቃላት አንዳንድ ዓረፍተ ነገር።”

ኖቬሊን በእንግሊዝኛ ጀመረች። “አባቴ እንደገና ጂፕኒ እንደሚነዳ ሆፕ አደርጋለሁ።”

ሬንዴል ራሱን ነቀነቀ። “ተሳሳትሽ። ቀኝ እጃቸው እንደማይሠራ ራስሽ አይደለሽ የነገርሽኝ? የቀን ፈረቃ ስትለምኚኝ። ስለዚህ ዊሽ ነው።”

“ሰዋስው ላይ ስህተት አለ?”

“ሰዋስውስ ልክ ነው። ነገሩ ነው የማይሆነው።”

“እርስዎ ሐኪም ነዎት?” አለች በንዴት።

ሬንዴል ቅጂውን አቆመና ወደ እሷ ጠጋ አለ። “ኢንዳይ፣ ልጎዳሽ አይደለም። ዊሽ በይና ላሳልፍሽ። አንዲት ቃል ናት። እሳቸው እንደሆነ አይሰሙሽ።”

እውነቱን ነው። “ታታይ” የምትላቸው አባቷ አይሰሟትም፤ ቢሰሟትም እንግሊዝኛ አያውቁም። አንድ ቃል ብትለውጥ ማታ ማታ አጠገባቸው ትሆናለች። ኖቬሊን አፏን ከፈተች። ጠዋት ከእጃቸው የቀማችው ማንኪያ ታወሳት፤ ከቀማቻቸው በኋላ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተዘረጋ ቀርቶ ነበር።

“የመጀመሪያውን አልለውጥም” አለች። “ቅጂውን ይክፈቱልኝ፤ ሁለተኛውን ልናገር።”

ከፈተላት። ኖቬሊን ዓይኑን እያየች፣ ቃላቱን አንድ በአንድ፣ አንዲት ፊደል ሳትስት በእንግሊዝኛ ተናገረች። “ስለ አባቴ እጅ ለእርስዎ ባልነገርኩዎት ዊሽ አደርጋለሁ።”

ሬንዴል እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፊቱ ቀላ።

“ይኼኛው... ልክ ነው” አለ ቀስ ብሎ። “አንዱ ልክ፣ አንዱ ስህተት። ሰኞ ደግሜ እፈትንሻለሁ፤ እስከዚያ በቀን ፈረቃሽ ትቆያለሽ። ግን ሌላ ዓረፍተ ነገር ይዘሽ ነይ።”

“ኩንታኒ፣ ሰር” አለችና ወጣች። የትኛውን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቃትም።

ቤት ስትደርስ ቲያ ፔሲንግ አጥሚቱን አሙቃ፣ ማንኪያውን ይዛ ልታጎርሳቸው ተቀምጣለች። ኖቬሊን ማንኪያውን ተቀበለቻት።

“ሥራስ?” አሉ አባቷ በተሳሰረ አንደበታቸው።

“ፈተና ነበረብኝ፤ ሰኞ ይደገማል፣ ታታይ።”

የቀኝ እጃቸውን ጣቶች አንድ በአንድ ከፍታ ማንኪያውን አስያዘቻቸው። ቲያ ፔሲንግ “ኧረ ምንጣፉ!” አለች። ማንኪያው እስከ ደረታቸው ወጣ፣ ተንቀጠቀጠና ወደቀ። አጥሚቱ የኖቬሊንን የሥራ ቀሚስ አበላሸው።

“ኩንታኒ ነገ” አሉ ታታይ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ኖቬሊን ማንኪያውን ከወለሉ አነሳች፤ አጠበችውና በዚያው እጃቸው መልሳ አስያዘቻቸው።