በሹክሹክታ ያለቀው ራውንድ

ሽመልስ በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ፣ ፒያሳ ላይ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ፕሌስቴሽን ቤት አለው። ሁለት ስክሪን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ፣ ፀሐይ እንዳይገባ በሩ ላይ የተንጠለጠለ ወፍራም መጋረጃ። የቤቱ ሕግ ቀላል ነው፦ የተሸነፈ ይነሳል፤ አዲስ የሚገባው ደግሞ ተዋጊውን ቀድሞ ይመርጣል። ሕጉ ለማንም አያዳላም። ሽመልስ ራሱ በገዛ ቤቱ ስንቴ ተሸንፎ ተነስቷል።

ክብሩ ሳይሸነፍም አግዳሚው ላይ የሚውል ልጅ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰ ወዲህ የእህቱን የስልክ ዕቃ ሱቅ ያግዛል፤ ፋታ ሲያገኝ እዚህ ይመጣና ተራውን ለሌላ እየለቀቀ ያያል። የሚያየው ታዲያ ስክሪኑን አይደለም፤ የሚጫወቱትን ሰዎች ነው። ሊመታ ሲል ትከሻውን የሚሰብቀው ማን እንደሆነ፣ ሲጨንቀው ትንፋሹን የሚውጠው ማን እንደሆነ ያውቃል። ማታ ሐይቁ ዳር ብቻውን ሲሄድ በሐሳቡ ያጋጥማቸዋል፤ አንዱን ከአንዱ ያደባድባል፣ ያስታርቃል።

ከሁሉም አብልጦ የሚያየው ሙንተሃን ነው። የጨርቅ ነጋዴዎች ልጅ ናት፤ ሱቃቸው ከዚያው ከፒያሳ አይርቅም። ሌላው ሰው ቁልፍ ሲጨፈልቅ እሷ ትጠብቃለች። ተጋጣሚዋ ሊዘል ሲያስብ እግሯ ቀድሞ አየር ላይ ይቆየዋል። ሊሸሽ ሲል የሚሸሽበት ቦታ ላይ ቆማለች። እንግዳው ሳያንኳኳ በሩን ከፍቶ እንደሚቀበል ሰው ነች። ክብሩ እሷን ሲያይ አንዳንዴ አፉን መክደን ይረሳል።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በማግስቱ ባህል አዳራሽ አካባቢ የከተማው ፕሌስቴሽን ቤቶች የድብድብ ጌም ውድድር አለ፤ ከየቤቱ አንድ ተጫዋች ብቻ። ስሙ በስልክ የሚነገረው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ክብሩ በሕይወቱ «እኔ ልሂድ» ብሎ የጠየቀው ነገር ቢኖር ይኼ ነው። በአንዱ ስክሪን ሳይታሰብ ሁሉንም አሸነፈ፤ የቀረችው በሌላው ስክሪን ሳትሸነፍ የተቀመጠችው ሙንተሃ ብቻ ስለሆነች ተነስቶ እሷ ጋ ገባ።

«ዝምተኛው፣ እንቅልፍህን ጨረስክ?» አለ እዮኤል ከአግዳሚው። የቤቱ አፍ እሱ ነው፤ በክብሩ ተሸንፎ የተነሳው ገና አሁን ቢሆንም አፉ አልተሸነፈም። «ሙኒዬ፣ ቀስ ብለሽ ጣይው፤ ከነሕልሙ ነው የመጣው!»

የመጀመሪያውን ራውንድ ሙንተሃ ወሰደች። ሁለተኛውን ክብሩ። ሦስተኛው ሊጀምር ሲል ስክሪኑ ድርግም አለ፤ ማራገቢያውም እያቃሰተ ቆመ።

«መብራት ሄደ!» ቤቱ በአንድ ድምፅ ጮኸ።

ሽመልስ መጋረጃውን ገልጦ ጎረቤቶቹን አየ። የሁሉም ጠፍቷል። ስልኩን ተመለከተ። «ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው። ምን ይሻላል?»

«በሳንቲም ጣሉት» አለ እዮኤል።

«ሳንቲም ምን ያውቃል?» አለች ሙንተሃ። ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አኖረችው። «በአፍ እንጨርሰው። ጌሙ እንደሆነ ሦስት ነገር ነው። መምታት አለ፣ መከላከል አለ፣ መያዝ አለ። ሊይዝ የመጣውን ምት ይቀድመዋል። የሚከላከለውን የሚይዝ ይጥለዋል። የሚመታው ደግሞ መከላከያ ላይ ይከሽፍበታል። ለሼሜ በጆሮው እንንገረው፣ እሱ ይናገር። ቀድሞ ሦስት ያገኘ ይሄዳል።»

ሽመልስ ሳቀ፤ ከዚያ ቶሎ ኮስተር አለ። «ክብሩ፣ ትስማማለህ?»

ክብሩ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

«እንግዲያው በሕጋችን፤ አዲስ የገባው ይቀድማል» ብሎ ሽመልስ ጆሮውን ወደ ክብሩ አዘነበለ፤ ቀጥሎም ወደ ሙንተሃ።

ሙንተሃ ራውንድ ስትከፍት መያዝ ትወዳለች። ክብሩ ይህን ያውቅ ነበር።

«ክብሩ ይመታል፣ ሙንተሃ ትይዛለች። አንድ ለክብሩ!»

አግዳሚው ተንጫጫ። ሙንተሃ ሳቀች። ሁለተኛው ላይ ክብሩ ተከላከለ፤ እሷ ያዘችው።

«አንድ ነገር ስታገኝ ትታቀፈዋለህ» አለችው ፊቷን ሳታዞር። «ሁሌ።»

ክብሩ ጉንጩ ጋለ። ሰው እሱንም ያያል ብሎ አስቦ አያውቅም። ሦስተኛው ላይ ግን፣ የተሳካላትን ነገር ወዲያው እንደምትደግም ያውቃልና፣ መታ። እውነትም ልትይዝ መጥታ ነበር። ሁለት ለአንድ። አራተኛው ላይ ‹አሁንስ አልታቀፍም› ብሎ በድጋሚ መታ፤ እሷ ተከላክላ ጠበቀችው።

«ሁለት ለሁለት!» አለ ሽመልስ። በመጋረጃው ስንጥቅ የባጃጅ ጥሩምባ ይገባል።

ሽመልስ ጆሮውን ወደ ክብሩ አስጠጋ።

ክብሩ አሰበ። ‹ይከላከላል ብላ ልትይዘኝ ትችላለች፤ ስለዚህ ልምታ። ግን እንደምመታ ታውቃለች፤ ስለዚህ ትከላከላለች። የሚከላከለውን ደግሞ መያዝ ነው።› ሐሳቡን ዳር ድረስ ወስዶ መለሰው፤ መልሶም ፈተነው። እንዲህ ጠርቶ ያሰበበት ቀን ትዝ አይለውም።

«መያዝ» አለ በሹክሹክታ።

ሙንተሃ ወዲያው ተናገረች፤ ሽመልስ ጆሮውን በቅጡ ሳያስጠጋላት።

ሽመልስ ቀና አለ። ክብሩን አየው፣ እሷን አየ። «ክብሩ ይይዛል» አለ። «ሙንተሃ… ትመታለች።»

ቤቱ ፈነዳ። እዮኤል አግዳሚው ላይ ቆሞ «ኧረ ሰው ነሽ ወይስ ምን!» እያለ ጮኸ። ሽመልስ በአንድ እጁ ጆሮውን ከጩኸቱ ደፍኖ በሌላው ስልኩን አነሳ። «አዎ፣ ከኛ ቤት… ሙንተሃ በሉ። ሙንተሃ! አዎ፣ ሴት ናት፣ ምነው?»

ክብሩ የእሱ ስም ሊጠራበት ይችል የነበረውን ቦታ ሰማው። ከፋው። ግን ከዚያ ይልቅ አላስቀምጥ ያለው ሌላ ነገር ነበር።

«እንዴት አወቅሽ?» አላት።

«ቆየህ።»

«እ?»

«ሼሜ ቀድሞ ወደ አንተ ነዋ የሚመጣው። ዝም ስትል እሰማህ ነበር።» አሁን ዞረችለት። «ወዲያው ብትናገር ትከላከላለህ። ትንሽ ከቆየህ ትመታለህ። ያን ያህል ከቆየህ ግን እስከ እኔ መከላከል ድረስ ሄደህልኛል ማለት ነው። እዚያ ድረስ የሄደ ሰው ይይዛል።»

ክብሩ የሰዎችን ትከሻ ሲያይ፣ ትንፋሽ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው፤ እሷ ዝምታውን ለክታ ሐሳቡ የት እንደደረሰ አወቀች። ያለ ስክሪን፣ ያለ ቁልፍ። ቃሉ ገና ከአፉ ሳይወጣ መልሱን ይዛ ቆማ ነበር። መናደድ ነበረበት፤ አልሆነለትም። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ መኖሩ ራሱ ደስ አለው።

«ሕጉ ለአንቺ አድልቷል» አላት ፈገግ ብሎ።

«አድልቷል። አንተም አልነቃህበትም።»

መብራቱ መጣ፤ ማራገቢያው ተንቀሳቀሰ፣ ስክሪኑ ቢፕ አለ። ተረኞቹ «ተነሱ፣ ተነሱ» ይሉ ጀመር። ክብሩ ጆይስቲኩን ለመጣው ሰው ሰጠና እሷን አየ።

«ሌላስ ምን አየሽብኝ?»

ሙንተሃ አግዳሚው ላይ ያሉትን ገፋ ገፋ አድርጋ ቦታ አበጀችለት። «ና ተቀመጥ» አለችው። «ይረዝማል።»