ከፈተናው የቀደመ ምስማር

ኳ! ኳ! ኳ! መዶሻው ከኮሪደሩ ማዶ ሲያስተጋባ፣ አግዳሚው ላይ የቃለ መጠይቅ ተራዋን የምትጠብቀው የአፈር ላቦራቶሪ ረዳት ተመራማሪ ጥርሷን ነከሰች። ሌሊቱን በአእምሮዋ የደረደረችው መልስ በየምቱ ይፈርስባት ነበር።

«ሰውዬው በቁማችን ሊቀብረን ነው እንዴ፣ እታለም?» አለ አጠገቧ የተቀመጠው ማሙሽ።

ማሙሽ ያለችው እሷ ናት። ከምረቃው ማግስት ላቦራቶሪው ሲመጣ አፈር መንፋቱን፣ ሚዛን ማስተካከሉን፣ የኃላፊዎችን ፊት ማንበቡን ሳይቀር አስተምራዋለች። ጠዋት ከረባቱን ያሰረችለትም እሷው ናት፤ ዛሬም አይችልበትም። አሁን ሁለቱም ለአንድ ወንበር ቀርበዋል፤ ለምርምር አስተባባሪነት። እሱ ቢያጣው ገና ልጅ ነው። የእሷ ኮንትራት ግን በወሩ መጨረሻ ያበቃል፤ እንደማይታደስም አስተዳደሩ ቁርጡን ነግሯታል። ወንድሟ በተገናኙ ቁጥር «አንቺ፣ አሁንም ኮንትራት ነሽ ወይስ ሰው ሆነሻል?» እያለ ይስቅባታል። ዛሬ አፉን ልታስይዘው ነበር የመጣችው።

መዶሻው አላቆም ሲል ተነሥታ ወደ ድምፁ ሄደች።

ሽማግሌው አናጺ ምስማር በከንፈሩ ይዞ፣ ባዶው ቢሮ በር ላይ የሚያብረቀርቅ ታፔላ ይመታል። «የምርምር አስተባባሪ» ይላል። ከሥሩ የማሙሽ ስም ከነአባቱ።

«ይሄን ማን አዘዘዎት?»

«የዲኑ ጸሐፊ ናታ» አለ ምስማሩን ከአፉ አውጥቶ። «ከምሳ በኋላ ስቀለው ብላኝ ነበር፤ ከሰዓት ሌላ ሥራ ስላለብኝ አሁኑኑ ልጨርሰው ብዬ ነው። ምነው እቴ፣ ተንጋደደ እንዴ?»

«አልተንጋደደም።» ድምፅዋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። «እንዳሰቡት ነው።»

ታዲያ እሷ ለምን ተጠራች? ለማድመቂያ! ውድድር ለማሰኘት ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋላ። ጫማዋን ስትወለውል ማምሸቷ ትዝ አላትና በራሷ ላይ ሳይቀር ደሟ ፈላ።

ስትዞር ማሙሽ ከኋላዋ ቆሟል፤ ዓይኑን ታፔላው ላይ ተክሎ።

«ታውቅ ነበር?»

ማሙሽ ዓይኑን ከታፔላው አልነቀለም።

«አንተን ነው! እያወቅህ ነው አጠገቤ ቁጭ ብለህ የምትቀልደው?»

እጁን ወደ ከረባቱ ሰደደ። እንዳላወቀ እንዲምልላት ፈለገች። ቢምል ንዴቷን ሰብስባ ወደዚያ ወደ ተዘጋው የስብሰባ ክፍል ትወስደው ነበር። ቢያምን ደግሞ በጥፊ ታጮለው ነበር። ሁለቱንም ነፈጋት።

የስብሰባው ክፍል ተከፈተና ጸሐፊዋ ብቅ ብላ ስሙን ጠራች። «ና ግባ እንጂ፣ እየጠበቁህ…» ታፔላውን ስታይ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

ማሙሽ ከረባቱን ጎተተ። ቋጠሮው ጠብቆ ነበርና ታገለው፤ በጭንቅላቱ በኩል አውልቆ ከነቋጠሮው አግዳሚው ላይ፣ እሷ ተቀምጣበት የነበረው ቦታ ላይ፣ አስቀመጠው።

«ወዴት ነው?» አለች ጸሐፊዋ፣ ወደ ደረጃው ሲያመራ አይታ።

«ማሙሽ!»

አልዞረም። አናጺው የመጨረሻውን ምስማር በጣቱ ደግፎ፣ መዶሻውን እንዳነሣ ቀረ። ከደረጃው የሚወርድ ኮቴ ተሰማ፤ ቀጥሎ ከታች የዋናው በር ተከፍቶ ተዘጋ።