ለልጆች የጠወለገ ይላካል እንዴ?

አትክልት ተራ ቲማቲም ስሸጥ የማይለመን ነገር የለም፤ ቆሻሻ ስትለምን ያየኋት ግን ቲቸር ሱሀይርን ብቻ ነው።

ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ ካለው ትምህርት ቤት መጥታ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጭቃው መሃል ቆመች። "የግቢያችን አፈር ድንጋይ ሆኖብናል። የአትክልት ክበባችን ልጆች ጉድጓድ ቆፍረዋል። ከእናንተ የሚጣለውን ቅጠል አበስብሰን አፈር እናደርገዋለን፤ ሰላጣ እንተክልበታለን። የምትጥሉትን ስጡን" አለች። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል። እሷ ግን ሁላችንንም ዞራ ለመነችን፤ የሳቀባት ሲኖር አብራው ሳቀች። ያን ቀን ወደድኳት።

ቀድሞ "በኔ ይሁን" ያላት ጎረቤቴ ደምመላሽ ነው። ጎመን አከፋፋይ ነው። ድምፁ እስከ ጎጃም በረንዳ ይሰማል፤ ልቡ ግን ቅቤ ነው። በየማለዳው አንድ ጆንያ ሞልቶ በጋሪ ይልክ ጀመር። እኛም ተከተልነው።

ብዙም ሳይቆይ ጉድጓዱ ገማ። ግማት ስላችሁ፣ ሰፈሩ በሙሉ መስኮት ዘጋ። አቤቱታ ሲበዛ ርዕሰ መምህሩ አቶ በሪሁን "እስከ አርብ ሽታው ካልጠፋ ጉድጓዱን ደፍኜ ሲሚንቶ አለብሰዋለሁ" አሏት።

"እትዬ ሸዋርካብሽ፣ ሁሉን እንደ ደንቡ ነው የሠራሁት፤ ምን እንደተበላሸብኝ አላውቅም" አለችኝ ሱቄ ደጃፍ ቆማ። "ጉድጓዱ ከተደፈነ ልጆቹ ዋሽታናለች ብለው ነው የሚያድጉት።" ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አንጀቴን በላችው።

ምን እንደተበላሸ ያወቀችው እዚያው ቆማ ነው። ደምመላሽ የትምህርት ቤቱን ጆንያ ከፍቶ፣ ለገበያ የቀረበ ጎመን እንዳይጠወልግ እንደምናደርገው፣ ከባልዲ ውሃ እየቀዳ ይረጭበታል። ጆንያው ውስጥ ያለውም ዛሬ ከማሳ የተቆረጠ የሚመስል ደህና ጥቅል ጎመን ነው።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ምን አደርጋለሁ? ለልጆች የጠወለገ ይላካል እንዴ? ነውር አይደለም?"

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚልኩት?"

"እመቤቴን! አንድ ቀን የተበላሸ ልኬ አላውቅም።"

አፌን ያዝኩ። የኔም ቲማቲም ተመርጦ ነበር የሚሄደው። የሁላችንም እንደዚያው ነው። ለትምህርት ቤት ሲባል እጃችን ወደ መጥፎው አልሄድ ብሎ፣ በደግነታችን ጉድጓዱን ሾርባ አድርገንባታል።

እኔ ብሆን ባልዲውን አናቱ ላይ ነበር የምደፋው። እሷ ግን ባዶ ሳጥን ላይ ዘጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ተነሳችና "ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። "ምን እንደምፈልግ ነገርኳችሁ እንጂ ለምን እንደሆነ አላስተማርኳችሁም። ኑ፣ ዛሬ ትምህርት አለ።"

ተከትለናት ሄድን። ቦቲ አድርጋ ጉድጓዱ ውስጥ ገባችና እስከ ጉልበቷ እየሰመጠች በአካፋ ታወጣው ጀመር። እኛ አፍንጫችንን ይዘናል፤ እሷ ፊቷ እንኳ አልተጨማደደም። "ውሃ ሲበዛበት አየር ያጣል፤ አየር ሲያጣ ይገማል። ደረቅ ነገር ነው የሚያድነው" ትላለች፣ ላቧ እየተንጠባጠበ። እኔ አስተማሪ ማለት እንዲህ ነው ብዬ ፈዝዤ ቀረሁ። ደምመላሽ ኮቱን አውልቆ ገባ። የሽንኩርት ነጋዴው ሙናዊር ከእንጨት መሰንጠቂያ ቤቶቹ ሰጋቱራ በጋሪ አስመጣ። ጎመኑን ከትፈን፣ ከሰጋቱራና ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር እየደራረብን መለስነው። እስከ አርብም እየተፈራረቅን አገላበጥነው።

አርብ አቶ በሪሁን ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። እኛም ጉድጓዱን ከበን ቆመናል።

"ሽታው የት ሄደ?" አሉ።

ቲቸር ሱሀይር ወደ እኛ አመለከተች። "እነሱን ይጠይቁ፤ ያውቁታል።"

ደምመላሽ ጉሮሮውን ጠራረገና "ነገሩ አየር ነው" ብሎ ጀመረ። አላቆመም። እንደዚያ ቀን ኮርቶ አይቼው አላውቅም። እሷ ከኋላ ቆማ ትሰማዋለች፣ ክብሩን ለእኛ ትታ። እንዲህ ያለች ልጅ የወለደች እናት ትባረክ አልኩ።

አሁን ግቢው ውስጥ ሰላጣና ቀይ ሥር በቅሏል። ባለፈው ሰኞ ለአትክልት ተራ አዲስ የሆነ አንድ ነጋዴ፣ ለልጆቹ ብሎ የሚያምር ጥቅል ጎመን ጆንያው ውስጥ ሲጨምር ደምመላሽ አየው። ድምፁ ጎጃም በረንዳ ደረሰ።

"አንተ! ለትምህርት ቤት ደህና ጎመን ትልካለህ? አታፍርም?"