ለመንገድ የተሰናዳች መኪና

«ይቺ መኪና እኮ ምንም አትፈልግም» አለ መካኒኩ ንዱንጉ፣ የዘይት መለኪያውን በጨርቅ ጠርጎ ለኦልዋል እያሳየው። «ዘይቱ አዲስ፣ ጎማው አዲስ፣ ራዲያተሩ ሙሉ። ለሩቅ መንገድ ነው የተሰናዳችው። ማነው ያሠራት?»

የኦልዋል አባት መኪና ናት። አባቱ ኦዴኝ ከሞተ አራተኛ ቀኑ ነው። በሕይወት እያለ በዚህች መኪና ከናይሮቢ ወጥቶ አያውቅም።

ድንኳኑ ሥር ሻይ የያዙት ለቀስተኞች ጆሯቸውን አቆሙ። «ሞምባሳ ሴት ነበረችው እንዴ?» ስትል ኦልዋል አንዲት ጎረቤቱን ሰማት። በቁጣ ዞሮ አያት፤ ግን እሱም ግራ ገብቶታል።

አጎቱ ከአገር ቤት ከሲያያ መጥቶ «ወንድሜ የሚቀበረው በአባታችን መሬት ነው» ብሏል። እናቱ ደግሞ «ላይረግጠው የማለበትን? እዚሁ ከተማ ይቀበር» ብላ ፍርዱን ለበኩር ልጇ ጥላለታለች። አስከሬኑ ነገ ጠዋት ይወጣል። ኦልዋል ወዴት እንደሆነ ሳይቆርጥ ነው፣ ምናልባት ብሎ መካኒክ የጠራው።

መሐላውንማ በጆሮው ሰምቷል። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ወንድማማቾቹ በድንበር ሲጣሉ፣ አጎቱ «ጎጆ እንኳ የለህ! አንተ እዚህ እንግዳ ነህ» ሲለው፣ አባቱ ያን መሬት ዳግም ላይረግጥ ማለ። ከዚያ ወዲህ አባቱ ፊት ስለ አገር ቤት ያነሳ ወዮለት። ይሁንና ጠዋት ጠዋት ሬድዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲያያ መዝነቡን ያዳምጥ ነበር።

ንዱንጉ መጠባበቂያውን ጎማ ሊያይ የኋላውን ከፈተ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ኦልዋል ገለጠው፤ ገና እንጨት ያልነካ መጥረቢያ። አጠገቡ ባዶ የዶሮ ቅርጫት ተቀምጧል።

እናቱ መጥታ አየችና አፏን ያዘች።

«አውራ ዶሮውን አባት ይይዛል፣ እሳቱን ሚስት» አለች ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «መጥረቢያውን በኩር ልጅ። የኛ ሰው ቤት ሊተክል ሲሄድ እንዲህ ነው። ቤት ሊሠራ ነበር! ኦዴኝ፣ አንተ ግትር፣ ለእኔ እንኳ አትነግረኝም?»

«ለእኔስ?» አለ ኦልዋል። «መቼ ሊነግረኝ ነበር?»

አጎቱ ከኋላቸው ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። ዓይኑ ቀልቷል። «ዛሬውኑ ደውዬ ጎጆ አስተክልለታለሁ። እንግዳ ሆኖ አይቀበርም።»

«አይሆንም» አለ ኦልዋል። «ነገ ይዘነው እንሄዳለን። የመጀመሪያውን እንጨት የምቆርጠው እኔ ነኝ።»

መጥረቢያውን አንሥቶ የፊቱን በር ከፈተ። የመሪውን ወንበር ለአባቱ ትቶ፣ ከጎኑ ባለው ተቀምጦ መጥረቢያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ወንድሜ፣ ጉዞው እኮ ነገ ነው» አለው ንዱንጉ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ» አለ ኦልዋል፤ ቀበቶውን አሰረ።