የሰረዘችው መልስ

ፈቲያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ በመስኮቱ የወሎ ሰፈርን ጋራዦች ስትመለከት፣ አሠልጣኙ ሙሉአለም ተስፋ የቆረጠች መሰለው።

«አይዞሽ፣ ከባድ ነው። ቀለል ያለ ልስጥሽ?»

«ጨርሻለሁ» አለች፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ።

ወረቀቱን አነሳው። ጥያቄው የመጀመሪያና የማብቂያ ሰዓታቸው ከታወቀ ስብሰባዎች በአንድ አዳራሽ በቀን በተቻለ መጠን ብዙ ለማካሄድ የትኞቹ ይመረጡ የሚል ነበር። ፈቲያ አንድ መስመር ብቻ ጽፋለች፦ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ይመረጥ። ልክ ነው።

«ለምን?»

«እንጃ… እንዲሁ ታየኝ።»

«ቲቸር፣ ለእኛም ትይልን በሏት!» አለ ሱሌማን ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ሙሉአለም አልሳቀም። «መገመት ሌላ፣ ማወቅ ሌላ ነው፣ ፈቲያ። ቅዳሜ ምክንያት የሌለው መልስ የሚያገኘው የጥያቄውን ነጥብ ግማሽ ብቻ ነው።»

ቅዳሜ የኮምፒውተር ፕሮግራም ውድድር ማጣሪያ ነው። ከሃያ ሁለቱ ሠልጣኞች አራቱ አገራቸውን ወክለው ወደ ዓለም አቀፉ ውድድር ይሄዳሉ። ፈቲያ ከዚህ ዓመት በኋላ ዕድሜዋ አይፈቅድላትም።

የቅዳሜው ፈተና የመጨረሻ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ ሰባት መኪኖች አንድ መካኒክ ይጠብቃሉ፤ የሁሉም ጥበቃ ተደምሮ እንዲያንስ በምን ተራ ይሠሩ?

አንብባ ሳትጨርስ መልሱ መጣላት። ሳሊተ ምሕረት፣ እነሱ ሰፈር ዳቦ ቤት፣ ሁለት ዳቦ የሚገዛ ሰው ሃያ የሚገዛውን «አስቀድመኝ» ይለዋል፤ ማንም አይቆጣም። «አጭር ሥራ ያለው ይቅደም» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ምክንያቱን ፈለገች። የሁለት መኪኖችን ቦታ አለዋወጠች፣ ቀመር ጀመረች፣ መሃል ላይ ጠፋባት። የክፍሉ ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ዳቦ ቤት ማስረጃ ይሆናል? መልሱን በሁለት መስመር ሰረዘችውና ረጅም ሠንጠረዥ ጀመረች። ሠንጠረዡ ሳያልቅ ሰዓቱ አለቀ።

ታክሲ ሰልፍ ላይ ሱሌማን አጠገቧ ቆመ።

«የመጨረሻዋን ምን አልሻት? እኔ አጭሩ ይቅደም ብዬ ውልቅ። ለምን ብትይኝ አላውቅም።»

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ…»

«እና?»

«ሰረዝኩት።»

ሱሌማን ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ፊቷን ሲያይ ተወው። «ግማሽ እኮ ይሰጥ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

ማክሰኞ ውጤቱ ተለጠፈ። ሱሌማን አራተኛ ወጣ፤ ፈቲያ በሁለት ነጥብ ተበልጣ አምስተኛ። የመጨረሻው ጥያቄ ግማሹ አምስት ነጥብ ነበር። ረቡዕ ጠዋት የሥልጠናውን መታወቂያ ለጽሕፈት ቤቱ አስረክባ ወደ ቤቷ ሄደች።